የመጀመሪያው ዕጣ ለሽንት ቤቱ!

ጎበዝ! የዛሬው ወጋችን ስለ ፍቅር ነው ብዬ ብጀምር ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ስለ ፍቅርም ነው፤ አልዋሸኋችሁም። ብቻ መንገዱ በሽንት ቤት በኩል ያልፋል። አፍንጫችሁን ከመያዛችሁ በፊት ግን እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ የምትወዷት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችሁ መጥታ፣ ቡናው ገና ቶና ላይ ሳለ፣ ወደ ጆሯችሁ ጠጋ ብላ «ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» ብትላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ምን ልበላችሁ… ከጠዋት ጀምሮ ቤቴን ስወለውል ነው ያረፈድኩት። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሸሚዜ ተተኩሷል። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር እሷም ሰው መሆኗን ነው። ሰው ደግሞ ቡና ሲጠጣ… ታውቁታላችሁ።

የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ስድስት አባወራና እማወራ በሚጋራው አንድ ግቢ ነው። ትልቁ ቤት የእማማ ነው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ የቆዩ፣ በጡረታና በኪራይ የሚተዳደሩ አዛውንት ናቸው። አምስቱ ሰርቪስ ክፍሎች የኛ የተከራዮቹ ናቸው። ለሁላችንም ያለን ሽንት ቤት ግን አንድ ነው። በቆርቆሮ የታጠረ፣ በሩ በሽቦ የሚታሰር ጉድጓድ። ክረምት ሲገባ ይሞላል። ሲሞላ ቦቴ ይጠራል። ቦቴው ወይ ወረፋ አለ ይባላል፣ ወይ መንገዱ ጠቦት አልገባ ይላል። ያኔ ምን እንደሚደረግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት ዶፍ ሲወርድ በአካፋ አንድ ነገር ይከፈታል፣ ጠዋት ጉድጓዱ ጎድሎ ይገኛል። ማን ከፈተው? ማንም! ዝናቡ ወሰደው!

እጮኛዬን (ያኔ ገና እጮኛ አልነበረችም) ወደዚያ ሸኘኋት። ስትመለስ ፈገግታዋ የለም። ታክሲ ድረስ ስሸኛት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ታክሲው ሲመጣ ግን ወደ እግሬ ጎንበስ ብላ አየችና፣

«ይሄን ጫማ ስንት ገዛኸው?» አለችኝ።

ደረቴን ነፋ አድርጌ «አምስት ሺህ ብር» አልኳት።

«ጫማህ ቆንጆ ነው። የምትረግጥበትን ግን አይተኸዋል?» ብላኝ ገባች።

ታክሲው ሄደ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ቀረሁ።

«ነገ ለምለቀው ቤት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ከመሆኑ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በሰፈራችን መንገድ ላይ ቁፋሮ ተጀምሮ ትልቅ የፍሳሽ ትቦ ተቀብሮ ነበር። ከግቢያችን በር እስከ ትቦው ያለው ርቀት ኳስ ብትወረውሩ የሚደርስ ነው። «ከእንግዲህ ጉድጓድ ቀረ!» ብለን ጨፈርን። ከዚያ የግምት ወረቀቱ መጣ።

ሒሳቡ እንዲቀልላችሁ ቁጥሩን ክብ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ትቦውም፣ ማንሆሉም፣ ውሃ የሚደፋበት የሸክላ መቀመጫውም፣ የውሃ ሮቶውም፣ ውሉም ተደምሮ 36 ሺህ ብር ነው በሉ። ግቢ ውስጥ ያለው ቁፋሮ ደግሞ የራሳችሁ ነው ተባልን። ክፍያው በአንድ ጊዜ። «ቀስ እያልን ብንከፍልስ?» ብለን ስንጠይቅ መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው «መመሪያው አይፈቅድም» አለን። ሰውዬውን አልወቅሰውም፤ መመሪያውን የጻፈው እሱ አይደለም።

ማታ ግቢ ውስጥ ስብሰባ ተቀመጥን። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጆቼ፣ ይሄን ያህል ብር በአንድ ላይ ያየሁት ባለቤቴ የሞተ ጊዜ የዕድሩ ሰዎች ሲያመጡልኝ ነው። እሱም ለተዝካሩ አለቀ» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን።

ዝምታውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ደፍሬ ልናገረው፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ እኔ ተከራይ ነኝ። ነገ ለምለቀው ቤት ትቦ የምቀብረው በምን ሒሳብ ነው?» አልኩ። ልብስ ሰፊው ጋሼ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ተማሪዋም «እውነቱን ነው» አለች። አራዳ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ወረቀቱ የእማማ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ሳያዋጣ የከፈለው

እጮኛዬ በታክሲ ከሄደች በሦስተኛው ሳምንት፣ ክረምቱ በጠናበት ሰሞን፣ የሁለተኛው በር እናት ልጅ ታመመ። አራት ዓመቱ ነው። ሁልጊዜ በሬ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ስልክህን ስጠኝ ጌም ልጫወት» የሚለኝ ልጅ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያስቀምጠውና ያስመልሰው ጀመር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ሲያለቅስ እንባ አልወጣው አለ።

ጋሼ ታክሲ ፍለጋ ወጣ። እኔ ልጁን ታቀፍኩት። እንደዚያ ሌሊት ሰው ቀሎኝ አያውቅም፤ የታጠፈ ጋቢ ያህል ነው የከበደኝ። ጤና ጣቢያ እንደደረስን ነርሷ በማንኪያ በማንኪያ ኦ አር ኤስ ትሰጠው፣ ኋላም በደም ሥሩ ግሉኮስ አደረገችለት። ጠዋት ላይ አይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። እግዜር ይመስገን!

ነርሷ ምን ብላ እንደጠየቀችን ግን አልረሳውም፦ «ሽንት ቤታችሁ እንዴት ነው?»

እናትየው ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም። ቀስ ብላ፣ «የእኔ ልጅ ለትቦው ሳንቲም አላዋጣም። ከሁላችንም በፊት የከፈለው ግን እሱ ነው» አለች።

ያን ዕለት ቢሮ አልገባሁም። ልጁ በዚያ ጉድጓድ ይሁን በሌላ ነገር ይታመም፣ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ የለም። ግን ዝናብ ሲመጣ የሚከፈተው ጉድጓድ በሱ በር በኩል ነው የሚያልፈው። ኳሱም የሚወድቀው እዚያው ቦይ ውስጥ ነው።

አንባቢያን፣ «የኛ ግቢ ትቦ አለው፣ ምን አገባኝ?» የምትሉ ካላችሁ ቆይ አንዴ። የሰፈራችን ቦይ ወንዝ ይገባል። የከተማችን ወንዞች፣ ቀበናውም፣ ግንፍሌውም፣ ሌላውም፣ ዞረው ዞረው ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ነው የሚወርዱት፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። በእነዚህ ወንዞች ዳር ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ሲለማ ኖሯል። እኛ ሌሊት የለቀቅነው ነገር በምሳ ሰዓት በሰላጣ መልክ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ለቪላውም፣ ለሰርቪሱም!

«ሁለት ገንዘብ ነው የቀላቀላችሁት»

ለልጅቷ ደወልኩላት። ስለ ጫማው ይቅርታ ልጠይቅ ነው መሰለኝ የደወልኩት፤ ያወራሁት ግን ስለ ልጁ ነው። አድምጣ ስትጨርስ፣ «የግምቱ ወረቀት አሁንም አለ?» አለችኝ። እሷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። እሁድ ዕለት ካልኩሌተሯን ይዛ መጣች። እማማ ቡና አፈሉ። ሁላችንም ዙሪያውን ተቀመጥን።

መጀመሪያ «በበር እንካፈል» አልን። ስድስት በር፣ 36 ሺህ፤ ለአንድ በር 6 ሺህ። አንደኛው ክፍል የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ተነስቶ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ስድስት ቤተሰብ ካለው ከጋሼ እኩል ክፈል ስንለው ምን ይበል?

«እሺ በሰው ቁጥር!» አልን። በግቢው 12 ነፍስ ነን፤ ለአንድ ሰው 3 ሺህ። ይሄኔ ደግሞ የጋሼ ሚስት ጮኸች። እነሱ ከነአራት ልጆቻቸው ስድስት ናቸው፤ 18 ሺህ፣ የጠቅላላው ግማሽ! የቤቱ ባለቤት እማማ ደግሞ ብቻቸውን ስለሆኑ 3 ሺህ ብቻ። ትቦው የሚቀረው ለማን ነው? ለእማማ!

ልጅቷ ዝም ብላ ስትሰማን ቆይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሁለት ገንዘብ ነው የቀላቀላችሁት» አለች። «አንዱ ከቤቱ ጋር የሚቀር ነው። ትቦው፣ ማንሆሉ፣ ውሉ። እሱ የባለቤት ነው፤ የቤቱን ዋጋ ይጨምራል። ሌላው በየቀኑ የምትገለገሉበት ነው። እሱ የተገልጋይ ነው። መጀመሪያ ይለይ፤ ከዚያ ይከፈል።»

ለየነው። ከቤቱ ጋር የሚቀረው 24 ሺህ፣ የመገልገያው 12 ሺህ ሆነ። ከ12 ሺሁ ላይ ልጆች አይቆጠሩ ተባለ። ከተከራዮቹ አዋቂዎቹ ስድስት ነን፤ የቀን ሠራተኛው «እኔ ብር የለኝም፣ ክንድ ግን አለኝ። የግቢውን ቁፋሮ ለኔ ተዉት» አለና የሱ ድርሻ በጉልበት ተያዘለት። አምስታችን 2 ሺህ 400 ብር ሆነብን።

የጫማዬ ግማሽ እንኳን አልሞላም! ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ባትናገርም ሰማኋት።

ቀሪው የእማማ 24 ሺህ ነው። እሳቸውስ ከየት ያምጡት? እዚህ ላይ ነው ጋሼ ልብሱን እየሰፋ ያሰበውን ያወጣው፦ «ዕቁብ እንጣል!»

ዕቁቡ ያደረገው፣ መመሪያው ያላደረገው

በመንገዳችን ላይ ያሉ ግቢዎችንና ቤቶችን አሰባሰብን። 24 ዕጣ፣ በወር 1 ሺህ 500 ብር። 24 ጊዜ 1 ሺህ 500 ስንት ነው? 36 ሺህ! የኛ ግቢ እንደ አንድ ሰው አንድ ዕጣ ገባ። ከወርሃዊው 1 ሺህ 500 ውስጥ 1 ሺሁ የእማማ ነው፤ ከየበሩ ኪራይ 200 ብር ተቀንሶ በቀጥታ ለዕቁቡ ይገባል። 500ው የኛ የአምስታችን ነው፤ በነፍስ ወከፍ በወር 100 ብር!

እስቲ አስቡት። በአንድ ጊዜ 36 ሺህ ሲባል ስድስት ቤት ቁም ሣጥን ላይ ያስቀመጠው ወረቀት፣ በ24 ወር ሲመነዘር ለአንድ ሰው የአንድ ቅዳሜ ምሳ እንኳን የማይሞላ ሆነ። እማማም ቢሆን በየክረምቱ ለቦቴ የሚያወጡት ይቀርላቸዋል።

የመጀመሪያው ዕጣ በሚወጣበት ቀን ጋሼ ተነስቶ ለመነ። «ወገኖቼ፣ ልጅ ታሞብናል። ዕጣው ለግቢያችን ይለቀቅልን» አለ። የዕቁቡ ዳኛ ዙሪያውን አዩና፣ «እኔ በዕድሜዬ ለሠርግ ተለምኖ አይቻለሁ፣ ለመኪና ተለምኖ አይቻለሁ። ለሽንት ቤት ሲለመን ይሄ መጀመሪያዬ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ግን ሰጡን። የመጀመሪያው ዕጣ ለሽንት ቤቱ ወጣ!

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ግቢያችንን ላስተዋውቅ አይደለም። አንድ ነገር ስለገባኝ ነው። የኛን ግቢ ከመስመሩ ያራቀው የክፍያው ብዛት ብቻ አይደለም፤ አከፋፈሉ ነው። ዕቁባችን ያደረገው ነገር ምን ይከብዳል? ቆጣሪ ያለው፣ በየወሩ ቢል የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የማገናኛውን ክፍያ በ24 ቢል ላይ በትኖ ቢሰበስብ ዳኛም፣ ጸሐፊም፣ ዋስም አያስፈልገውም ነበር።

«በነፃ ቢቀጥሉልንስ?» የሚል አይጠፋም። እሱም ልክ አይመስለኝም። ትቦ ይሰበራል፣ ይደፈናል፤ ፓምፕ መብራት ይበላል፤ ማንሆል ውስጥ የሚገባው ሠራተኛ ደሞዝ ይፈልጋል። ቃሊቲ ያለውን ማጣሪያ ተመልከቱ። በ1970ዎቹ ሲሠራ በቀን 7 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ያህል ፍሳሽ እንዲያጣራ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት እንደ አዲስ ተሠርቶ አቅሙ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ደርሷል። ይህን የሚያህል ነገር በምርቃት አይንቀሳቀስም። ግን ደግሞ ማጣሪያ ተሠርቶ፣ ትቦ ተቀብሮ፣ ቤቶቹ ካልተቀጠሉበት ምን ዋጋ አለው? ወጪው ያው ነው፤ የሚካፈለው ሰው ብቻ ነው የሚያንሰው። ትቦውም ራሱ ውሃ ካልወረደበት ደለል ይይዝና ይደፈናል። እያንዳንዱ የሚቀጠል ቤት ለሌላውም ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው?

ብራዚል ውስጥ ናታል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆዜ ካርሎስ ዴ ሜሎ የሚባል መሐንዲስ አንድ ዘዴ አመጣ። ትልቅ ትቦ በየመንገዱ በጥልቀት ከመቅበር ይልቅ ቀጭን ትቦ በትንሽ ጥልቀት በቤቶቹ ጓሮ ለጓሮ አሳለፈው። ቁፋሮው ቀነሰ፣ ወጪውም ወረደ። ዋና ከተማዋ ብራዚሊያ በ1990ዎቹ ዘዴውን ስትወስድ ደግሞ ነዋሪውን አስመረጠችው፤ መስመሩ በጓሮ ይለፍ፣ በፊት ለፊት ግቢ፣ ወይስ በእግረኛው መንገድ? ክፍያው እንደ ምርጫው ይለያያል። በጓሮ ያሳለፈ ትንሽ ይከፍላል፣ ጥገናውን ግን ራሱ ይይዛል። በእግረኛ መንገድ የፈለገ ይጨምራል። ሰው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያውቃል፣ ያልወደደውንም ይተዋል።

ካራቺ ውስጥ ኦራንጊ የሚባለው የድሆች ሰፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በአክታር ሃሚድ ካን አስተባባሪነት ሌላ መንገድ ሄደ። ከ20 እስከ 40 ቤት ያለበት አንድ መንገድ ይሰበሰባል፣ ተጠሪ ይመርጣል፣ ገንዘቡን ያዋጣል፣ የመንገዱን ትቦ ራሱ ይዘረጋል። ባለሙያዎቹ ልኬታውንና ምክሩን ይሰጣሉ። ዋናው መስመርና ማጣሪያው ግን የመንግሥት ነው ተባለ። የውስጡ የኛ፣ የውጭው የመንግሥት! እጮኛዬ «የባለቤትና የተገልጋይ» ያለችው ዓይነት አከፋፈል እኮ ነው። ዕቁባችንን ቢያዩት ኖሮ ዘመዶቻችን ናቸው ይሉን ነበር።

ክፍያ ሲተመን መሠረቱ ብዙ ዓይነት ነው። ለሁሉም ቤት እኩል ይጣላል፤ በይዞታ ስፋት ይሰላል፤ በውሃ ቆጣሪው መጠን ይታሰባል፤ ወይም በሽንት ቤት መቀመጫና በመታጠቢያ ብዛት ይቆጠራል። ሁሉም ጉድለት አለው። እኩል ሲሆን አንድ ቧንቧ ያላት መበለትና 30 አልጋ ያለው ፔንሲዮን እኩል ይከፍላሉ። በይዞታ ሲሆን ሰፊ ግቢ ያላት አሮጊት ትጎዳለች፤ በጠባብ ቦታ ላይ አምስት ፎቅ የገነባው ይተርፋል።

ወርሃዊው በውሃ ፍጆታ ይሁን ሲባል ደግሞ የኛ ዓይነት ግቢ ጉድ ይሆናል። ለምን? የውሃ ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በአንድ ሜትር ኩብ ብዙ ይከፍላል። ሐሳቡ ሀብታሙን ለማስከፈል ነው። ግን ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው ስድስት ቤት መሆኑን አያውቅም! አንድ ሀብታም መስሎት ላይኛው እርከን ላይ ይሰቅለዋል። እንዲህ ነው ድሃው የሀብታም ዋጋ የሚከፍለው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአንድ ቆጣሪ ላይ ስንት ቤት እንዳለ ይመዝገብና እርከኑ በቤቱ ቁጥር ይባዛ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2010 ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ሰብአዊ መብት ነው ብሎ ወስኗል። መብት ነው ማለት በነፃ ነው ማለት አይደለም። ግን ክፍያው መብቱን የሚዘጋ በር መሆን የለበትም።

ከኛ ስሕተት ተማሩ

በናንተም ሰፈር ትቦው ሲያልፍ (ያልፋል!) እንደኛ ሁለት ወር ተጨቃጭቃችሁ ልጅ እስኪታመም አትጠብቁ። የኛ ግቢ የተማረው ይህን ነው፦

አንደኛ፣ ሙሉውን ዋጋ ጠይቁ። ማገናኛው ብቻውን ሽንት ቤት አይሆንም። ደረቅ ጉድጓድ ከትቦ ጋር አይቀጠልም፤ ውሃ የሚደፋበት መቀመጫ ይፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሮቶ ይፈልጋል። ይህን ያልደመረ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ከቤቱ ጋር የሚቀረውንና የምትገለገሉበትን ለዩ። የመጀመሪያው የባለቤት ነው። ባለቤቱ ከሌላቸው ተከራይ ያስቀድምና ከኪራይ ይቀነስለት።

ሦስተኛ፣ ስምምነቱን ጻፉት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሁለት ዓመት 24 ወር ነው! የዕቁባችንን ዘመን ከኪራይ ውሉ ጋር ያስተካከልነው ለዚህ ነው። «ነገ ለምለቀው ቤት» የሚለው አፌም የተዘጋው በዚሁ ነው።

አራተኛ፣ ብር የሌለውን አታስወጡት። ጉልበት አለው፣ ሙያ አለው። አንድ ሰው ከወጣ ጉድጓዱ አብሮት ይቀራል፤ ጉድጓዱ ከቀረ ዝንቡም ይቀራል።

አምስተኛ፣ «በአንድ ጊዜ ክፈሉ» ስትባሉ በሰፈር ተሰብስባችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ «መመሪያው አይፈቅድም» ይባላል። 24 ቤት ሲጠይቅ መመሪያውም ቆም ብሎ ሊያስብ ይችላል። እኛ ደብዳቤያችንን አስገብተናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። እስኪመጣ ዕቁቡ ቀጥሏል። ባለፈው ወር ሰባተኛው ግቢ ተቀጥሏል።

ልጁ? አድጓል፣ ረብሿል። አዲሱ ሽንት ቤት ከተሠራ ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው እየገባ ውሃ መድፋት ሆኗል ሥራው። እናቱ ትቆጣዋለች። እኔ አልቆጣውም።

ልጅቷም ተመልሳ መጣች። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ እማማም፣ ጋሼም፣ ተማሪዋም በተቀመጡበት፣ በሹክሹክታ ሳይሆን ጮክ ብላ «ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለች። የት እንዳለ አጥታው እኮ አይደለም! ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ቀለበቱን ያሰርንላት በጥር ነው። ለሠርጉ አዲስ ጫማ ልግዛ አልገዛ ገና አልተስማማንም። እሷ «አሮጌው ይበቃል፤ አሁን የምትረግጥበት ንጹሕ ነው» ትላለች።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!